የጆሮው በሽታ በአፍንጫው በኩል ይገባል

ጆሮው የሚፈስ ልጅ የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው። «ሲያድግ ይተወዋል» ይባልና ይታለፋል። ይህ አባባል ብዙ ልጆችን መስሚያቸውን እንዳሳጣ አምናለሁ፤ ምልልሱን የጻፍሁትም ለዚህ ነው። ተናጋሪዎቹ ደብረ ብርሃን ውስጥ የልጃቸውን ልጆች የሚያሳድጉ አያትና ጤና ጣቢያ የምትሠራ የእህታቸው ልጅ ናቸው። ሰዎቹን የፈጠርኋቸው እኔ ነኝ፤ የሚያስጨንቃቸው ነገር ግን በብዙ ቤት ያለ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ማለዳ ነው።

አያት፦ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም ልጄ። ጆሮውን እየያዘ ይጮኻል፣ ሰውነቱ ይፋጃል። ጎሕ ሲቀድ ድንገት ዝም አለ። ተሻለው ብዬ ባየው ትራሱ በመግል ርሷል። ይኼ የኅዳር ውርጭ ነው። ጆሮውን በጥጥ ወትፌ በላዩ ሻሽ አስሬለት ነበር እኮ! ታዲያ ንፋሱ በየት ገባ?

ነርስ፦ ዝም ያለው ታምቡሩ ተበስቶ መግሉ ስለወጣ ነው እቴቴ። ያስጮኸው የነበረው ውስጥ ታጭቆ የሚገፋው መግል ነው። ንፋስ ግን በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ መግል አያመጣም። በቀዳዳው መጨረሻ ላይ የጆሮ ታምቡር አለ፤ ደህና ሲሆን ድፍን ነው፣ ምንም አያሳልፍም። የመገለው ከታምቡሩ ወዲያ ያለው ክፍል ነው፤ የዚያ ክፍል በር ደግሞ ከአፍንጫው ጀርባ ነው ያለው። እርስዎ የፊቱን በር ሲደፍኑ የጓሮው ክፍት ነበር። ሰሞኑን ጉንፋን አልያዘውም?

አያት፦ ንፍጡ ከወረደ ሳምንት ሆኖታል። ግን እሱ ጉንፋን ነው፤ ጉንፋን የማይዘው ልጅ አለ?

ነርስ፦ መነሻው እሱ ነው። ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ጆሮዎ ድፍን ይልና ምራቅ ሲውጡ መልሶ ይከፈት የለ?

አያት፦ አዎ፤ አንዳንዴማ ያመኛል።

ነርስ፦ የሚከፍተው ከመካከለኛው ጆሮ ወደ አፍንጫ ጀርባ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ባርቶሎሜዎ ዩስታኪ የተባለ ጣሊያናዊ የአካል ሊቅ ስለመረመረው በሐኪሞች ዘንድ እስካሁን በስሙ ይጠራል። ስንውጥ፣ ስናዛጋ ይከፈታል፤ ወደ ጆሮ አየር ያስገባል፣ እዚያ የተጠራቀመውን እርጥበት ወደ ጉሮሮ ያፈሳል። ጉንፋን ሲይዘን አፍንጫችን እንደሚያብጥ ቱቦውም ያብጥና ይዘጋል። ያኔ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርጉን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ኒሞኮከስ የሚባለው አንዱ ነው። ያን ያቆረ ውኃ ሲያገኙ ይራቡበታል፤ መግል የሚሆነው እንዲህ ነው።

አያት፦ ጉንፋኑ እኮ መጀመሪያ የያዘኝ እኔን ነው። ጆሮዬን አላመመኝም።

ነርስ፦ የትልቅ ሰው ቱቦ ርዝመቱ ሦስት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁል ያዘነበለ ስለሆነ ፈሳሹ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። የሕፃን ቱቦ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ ያዘነበለም አይደለም፣ አግድም የተኛ ነው ማለት ይቻላል። ጉሮሮው ውስጥ ያለው ነገር ወደ ጆሮው ለመዝለቅ ብዙ መንገድ የለበትም። ሰውነቱም በሽታን መከላከል ገና እየተማረ ነው። ክፉው ዕድሜ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለው ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ቢያንስ አንዴ ጆሮአቸውን የሚታመሙ ልጆች ጨርሶ ከማይታመሙት ይበዛሉ። እያደጉ ሲሄዱ ቱቦው ይረዝማል፣ ያዘነብላል፣ ሕመሙም ይቀንሳል።

አያት፦ እንግዲያው «ሲያድግ ይተወዋል» ማለታችን እውነት ነበራ!

ነርስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ሲያድግ ጉንፋኑ ወደ ጆሮ መውረዱ ይቀንሳል። የተበሳ ታምቡር ግን ሁልጊዜ በራሱ አይደፈንም። ብዙ ጊዜ ይደፈናል፤ ደጋግሞ ሲመግል ግን እንደተበሳ ይቀራል። የምፈራው እሱን ነው።

አያት፦ የጎረቤቴ ልጅ ከዚህኛው ጋር በአንድ ወር ነው የተወለደው። አንድም ቀን ጆሮውን አሞት አያውቅም። የኔ ግን ዓመት ሳይሞላው ይኸው ደጋገመው። ከዘር ይሆን?

ነርስ፦ ዘርም አለበት፤ እናት አባቱ ወይም እህት ወንድሞቹ በልጅነታቸው ጆሮአቸውን ይታመሙ የነበረ ልጅ ይበልጥ ይታመማል። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለበት፣ በምግብ እጥረት የከሳ፣ ኤችአይቪ ያለበት ልጅም እንዲሁ። ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ቶንሲል መሰል ሥጋ፣ አዴኖይድ የሚሉት፣ ያበጠበት ልጅም አለ፤ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ያንኮራፋል። ይኼኛው ከነዚህ አንዱም አይታይበትም። የጎረቤትዎ ልጅ እስካሁን ይጠባል?

አያት፦ ይጠባል።

ነርስ፦ ይኼስ?

አያት፦ እያወቅሽው ልጄ፤ እናቱ ጅዳ ስትሄድ አምስት ወሩ ነበር። ምን ታድርግ? አባትየው የለ፣ ሥራ የለ። ጡቷ ወተት እንዳቀረረ ነው አውሮፕላን የተሳፈረችው። በስልክ ባለቀሰች ቁጥር ጡቷ ይፈስ እንደነበር ነግራኛለች።

ነርስ፦ እሷን ለመውቀስ አይደለም የጠየቅሁት። የጡት ወተት እናትየው በሽታን የምትከላከልበትን አቅም ለልጁ ያቀብለዋል፤ የጠባ ልጅ ጆሮው የመመገል ዕድሉ ያነሰ ነው። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከምግብ ጋር ይቀጥል የምንለው ከምክንያቶቹ አንዱ ይኼ ነው። ያ ቀርቶበታል፤ መመለስ አንችልም። ልንቀይረው የምንችለውን እንይ። ጡጦውን እንዴት ነው የሚሰጡት?

አያት፦ አጋድሜው፣ ጡጦውን በጨርቅ ደገፍ አድርጌለት። እኔ እስከዚያ እንጀራዬን እጋግራለሁ።

ነርስ፦ ይኸውልዎ። ተንጋሎ የሚጠጣ ልጅ ወተቱ ከጉሮሮው ኋላ ይጠራቀምና በዚያ አጭር ቱቦ ወደ ጆሮው ሊዘልቅ ይችላል። ታቅፈው፣ ጭንቅላቱን ከፍ አድርገው ይስጡት። አፉ ውስጥ እንደያዘው እንቅልፍ አይውሰደው። አሁንማ ተቀምጦ በኩባያ መጠጣት ይችላል፤ ለማጠብም ከጡጦ ኩባያ ይቀላል። እንዲያባብለው ብለው ባዶ የጡጦ ጎማ የሚሰጡት ከሆነ እሱንም ይተውት።

አያት፦ ስጋግርም እዚያው ምድጃው አጠገብ ነው የማስቀምጠው። ከዓይኔ ሲርቅ ልቤ አይቆምም፤ ደግሞ ይሞቀዋል።

ነርስ፦ በኩበት ነው የሚጋግሩት?

አያት፦ በምን ልጋግር? በኩበት፣ በቅጠል። ኤሌክትሪኩማ ሲመጣ ነው።

ነርስ፦ የአፍንጫና የቱቦው ውስጠኛ ሽፋን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉት። ሲወዛወዙ ይውላሉ፤ አቧራውንም ንፍጡንም ወደ ጉሮሮ የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። ጭስ ያደነዝዛቸዋል፣ ሽፋኑንም ያሳብጠዋል። በሲጋራ ጭስ ላይ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ሲጋራ በሚጨስበት ቤት የሚያድግ ልጅ ጆሮውን ይበልጥ ይታመማል። የማገዶና የኩበት ጭስ ደግሞ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች እንደሚያበዛ የታወቀ ነው። ጉንፋን ለያዘው ልጅ ምድጃ ዳር መዋል አይበጀውም። ሲጋግሩ ታላቅ ወንድሙ ወይም ጎረቤት ይያዝልዎ።

አያት፦ ሲጋራ ካልሽማ አጎቱ አለ። ማታ ማታ እዚሁ ያጨሳል። ውጣ ስለው በዚህ ውርጭ ደጅ አልወጣም ይለኛል።

ነርስ፦ እሱን ለኔ ይተዉት፤ እኔ እነግረዋለሁ። መስኮት መክፈት አይበቃም፤ ቤት ውስጥ ጨርሶ መጨስ የለበትም። ክፍሉ ውስጥ ስንት ትተኛላችሁ?

አያት፦ ስድስት።

ነርስ፦ ብርዱ እጁ ያለበት እዚህ ላይ ነው እቴቴ። ውርጭ ሲበረታ በር መስኮቱን ዘግተን፣ ተጠጋግተን እንተኛለን፤ አንዱ የሳለውን ሌላው ይተነፍሰዋል። ትምህርት ቤት የዋለው ልጅ ጉንፋኑን ይዞ ይመጣና ለታናሹ ይሰጠዋል። ሕፃናት ማቆያ የሚውል ልጅም ጆሮውን የሚታመመው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ብርዱን ሲጠረጥሩ ከእውነቱ ብዙ አልራቁም፤ የሚገባው በጆሮ ቀዳዳ ነው ማለትዎ ነው የተሳሳተው።

(እዚህ ላይ ንግግራቸውን ላቋርጥ። የጆሮ በሽታ መንስኤዎች ሲቆጠሩ የእናቶች ጥፋት የሚቆጠር ይመስላል፤ አላጠባችም፣ አጋድማ መገበች፣ ጭስ አጠገብ አኖረች። እነዚህ አያት ግን በኩበት የሚጋግሩት ሌላ ስለሌላቸው ነው፤ ስድስት ሆነው የሚያድሩት አንድ ክፍል ብቻ መከራየት ስለቻሉ ነው፤ ልጃቸው ጡቷን ይዛ የተሰደደችው ቤቱ እንጀራ እንዲኖረው ነው። የድኻ ልጅ ጆሮ ይበልጥ የሚመግለው አሳዳጊው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ይህን ሳይቀበል የሚመክር ባለሙያ ምክሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ሰሚውን አሳፍሮ ይመልሰዋል፤ ያፈረች እናት ደግሞ ሁለተኛ ወደ ጤና ጣቢያ አትመጣም።)

ነርስ፦ ክትባቱን ጨርሷል?

አያት፦ እናቱ እያለች ሦስቴ ወስዳዋለች። ከዚያ ወዲህ እኔ... የዘጠኝ ወሩ ቀርቶበታል።

ነርስ፦ ሦስቱ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት ናቸው። ከነሱ ውስጥ የኒሞኮከስ ክትባት አለበት፤ አገራችን በ2004 ዓ.ም. ነው የጀመረችው። ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር ታስቦ ቢሰጥም ከዚያው ባክቴሪያ የሚመጣውን የጆሮ ሕመም ይቀንሳል። ጨርሶ አያስቀረውም፤ ጆሮ የሚያመግሉ ሌሎች ባክቴሪያዎችም አሉ። የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ነው። ኩፍኝ ከያዛቸው አሥር ልጆች የአንዱ ያህል ጆሮው ይታመማል፤ መስሚያውን እስከ መጨረሻው የሚያጣም አለ። እሱን አናዘግየው።

አያት፦ እናቱም ትናንት ስትደውል ጆሮዬን አለች። ያሳክካታል፤ ሲነኩት ደግሞ ያማታል። እሷም ከጉንፋኑ ነው?

ነርስ፦ የሷ ሌላ ነው። የጆሮውን ጫፍ ሲጎትቱት የሚያም ከሆነ ብዙ ጊዜ የታመመው ከታምቡሩ ወዲህ ያለው የውጪው ቦይ ቆዳ ነው። ጅዳ ቀይ ባሕር ጥግ ናት፤ ሙቀቷ ላብ የማያደርቅ እርጥብ ሙቀት ነው። ቆዳው እንደራሰ ሲውል ይላላል፣ ባክቴሪያና ፈንገስ ይገባበታል። ጆሮዋ ውስጥ ኢርፎን ታደርጋለች?

አያት፦ እኔን የምታነጋግረኝ በሱ ነው፤ ሥራዋን እየሠራች። ሲያሳክካትም በፀጉር ሽቦ እንደምታክከው ነግራኛለች።

ነርስ፦ ሽቦው ነው የጎዳት። ኩክ ቆሻሻ አይደለም፤ ውኃ እንዳይዘልቅ ቆዳውን ይቀባዋል፣ ጀርም እንዳይራባም ይከላከላል። ሲያረጅ በራሱ ወደ ውጪ ይወጣል። በሽቦ፣ በክብሪት እንጨት፣ በኮተን ባድ ስንጎረጉረው ቆዳውን እንፍቃለን፣ ኩኩንም ወደ ውስጥ እንጠቀጥቀዋለን። ሽቦውን ትጣለው፤ እስኪሻላት ኢርፎኑን ትተው፤ ስትታጠብ ውኃ አታስገባ፤ ሕመሙ ካልቀነሰ ሐኪም ጋ ትሂድ። እርስዎም የስኳር በሽተኛ ነዎት፤ ጆሮዎን አይጎርጉሩ። ስኳር ባለበት ትልቅ ሰው ላይ የውጪ ጆሮ ቁስል እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ሌሊት የሚብስ፣ እንቅልፍ የሚነሳ የጆሮ ሕመም ከተሰማዎ ቀን አይስጡት።

አያት፦ ጆሮ ውስጥ ስለሚገባ ነገር ካነሳሽ፣ ለልጁ ትናንት ማታ ጤና አዳም ጨምቄ ጠብ አድርጌለታለሁ። ባለፈው ደግሞ ለብ ያለ ቅቤ። እናቴም እኛን በዚሁ ነው ያሳደገችን።

ነርስ፦ ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ የጨመሩት ሁሉ ያለ ከልካይ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል፤ ቅቤም ቢሆን፣ ጭማቂም ቢሆን፣ ውኃም ቢሆን። ከነጀርሙ ነው የሚገባው። ጸበል ሲወስዱትም ይጠመቅ፣ ጆሮው ውስጥ ግን አይግባበት። ሲያጥቡት ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ቀዳዳው አፍ ላይ ያድርጉለትና ሲጨርሱ ያውጡት።

አያት፦ ታዲያ መግሉን ምን ላድርገው?

ነርስ፦ ንጹሕ፣ ውኃ የሚመጥ ስስ ጨርቅ ወይም ጠንከር ያለ ሶፍት እንደ ኩራዝ ክር አድርገው ይጠምዝዙ። ቀስ ብለው ቀዳዳው ውስጥ ያስገቡት፣ ሲርስ ያውጡት፣ በአዲስ ይተኩት። ደርቆ እስኪወጣ ድረስ እንዲያ ያድርጉ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ደፍነው ግን አይተዉት። ዛሬ ሐኪሙ የሚያዝለትን መድኃኒት ተሻለው ብለው በመሐል እንዳያቆሙ፤ የተረፈውንም ለሌላ ልጅ እንዳይሰጡ።

አያት፦ ልጄ... አንድ ነገር አለ። ታላቅየው አሥር ዓመቱ ነው። እሱም ጆሮው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይፈሳል፤ ይተወውና ደግሞ ይመለሳል። ሽታ አለው። ልጆች ስለሚርቁት ጨርቅ ይወትፍበታል።

ነርስ፦ ይኼን ሁሉ ዓመት! ለምን አልነገሩኝም?

አያት፦ አያመውማ! አንድ ቀን አሞኝ ብሎ አያውቅም። የማያም ነገር በሽታ ነው ብዬ መች አሰብሁ? አስተማሪው ግን ሁለቴ ጠርቶኛል፤ ስጠራው አይሰማም፣ ልቡ ትምህርቱ ላይ የለም አለኝ። እኔም ገረፍሁት።

ነርስ፦ የማያመው ታምቡሩ ስለተበሳ ነው እቴቴ። መግሉ መውጫ አለው፣ አይገፋም፣ ስለዚህ አያምም። አለማመሙ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ጆሮ ከ14 ቀን በላይ ከፈሰሰ እኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ይባላል። ድምፅ መጥቶ የሚያርፈው ታምቡሩ ላይ ነው፤ ከታምቡሩ ወዲያ ያሉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ናቸው ወደ ውስጥ የሚያደርሱት። ለዓመታት የቆየ መግል ታምቡሩን እንደተበሳ ያስቀረዋል፣ አጥንቶቹንም ይበላቸዋል። ልጁ ጨርሶ አይደነቁርም፤ ቅርብ ሆነው ሲናገሩት ይሰማል፣ ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ ግን የአስተማሪው ቃል ግማሹ ያመልጠዋል። ያልሰማውን ጥያቄ እንዴት ይመልስ?

አያት፦ እመብርሃን ይቅር ትበለኝ። ጥሪዬን ንቆ እየመሰለኝ...

ነርስ፦ እርስዎ ብቻ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ የሚጠጋው ልንከላከለው ከምንችለው ምክንያት የሚመጣ ነው ብሏል። የታላቅየውም መነሻው ይኼኑ የታናሽየውን ዓይነት ነው፤ ጉንፋን፣ ከዚያ መግል፣ ከዚያ «ይተወዋል»። ታናሽየውን ዛሬ ካከምነውና እስኪደርቅ ከተከታተልነው ታምቡሩ የመደፈን ዕድሉ ብዙ ነው።

አያት፦ ታላቅየውስ ይድናል?

ነርስ፦ መግሉን ማድረቅ ይቻላል፤ ከዚያ ከአንገት በላይ ሐኪም ታምቡሩን አይቶ፣ የመስማት ምርመራ አድርጎ ይወስናል። ታምቡር በቀዶ ጥገና ይደፈናል። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት አብጦበት፣ ሲነኩት አሞት ያውቃል? ፊቱ ወደ አንድ ጎን ጠመም ብሎ ያውቃል?

አያት፦ የለም፤ እንዲያ ያለ አላየሁም።

ነርስ፦ ካዩ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከትውከት ጋር ከያዘው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱት፤ መግሉ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላልና። አሁን ሕፃኑን ደራርበን እንሂድ፤ የክትባት ካርዱን ይያዙ፣ ትኩሳቱ ታይቶ የኩፍኙን ቀን እናስቆርጣለን።

አያት፦ ታላቅየው ትምህርት ቤት ነው። እኔ በእረፍት ሰዓታቸው ሄጄ አስተማሪውን አስፈቅጄ አመጣዋለሁ። ከፊት ወንበር እንዲያስቀምጠውም እነግረዋለሁ። መንገድ ላይ ከፋርማሲ የጆሮ ጠብታ ገዝቼ ልምጣ?

ነርስ፦ አይግዙ። ታምቡሩ ለተበሳ ጆሮ የማይሆን ጠብታ አለ፤ ጄንታማይሲን ያለበት ወደ ውስጥ ከገባ የቀረውን መስሚያውን ሊጎዳበት ይችላል። ሳይታይ ምንም አይጨመርበት፤ የወተፈውን ጨርቅ ብቻ አውጥተው ይዘውት ይምጡ።